ሰላም ያልተባለችው አውሮፕላን

አባቴ አውሮፕላኗን ሰላም ሳይል አይሳፈርም ነበር።

ሰላምታ ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ እንጂ እሱ እንዲህ ብሎት አያውቅም። እሱ የሚለው «ልዙራት» ነው። ጠዋት ሜዳው ላይ ስንደርስ ቦርሳውን መሬት ያስቀምጥና ከአፍንጫዋ ጀምሮ መዳፉን በገላዋ ላይ እያስኬደ ይዞራታል። ጎማዋን በእግሩ ገፋ ያደርጋል። ከክንፏ ሥር ትንሽ ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ ያነሳና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። ጭራዋን ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋታል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አያወራም፤ ቢጠሩት አይሰማም፤ እኔ እንኳ እግሩ ሥር ገብቼ ብጎትተው በእጁ ገለል ያደርገኝና ይቀጥላል።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ደግሞ በሰላምታ ጉዳይ ምሕረት የላትም፤ ጎረቤት ሰላም ሳልል ካለፍኩ ከቤታችን በር ድረስ ብደርስም እንኳ ትመልሰኛለች። «ሰው ይቀየማል!» ትላለች። እንግዲህ ሰው የሚቀየም ከሆነ፣ ሰው ተሸክማ ሰማይ የምትወጣ አውሮፕላን እንዴት አትቀየምም? ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። መዳፉ ይፈልግ የነበረው ስንጥቅ፣ የላላ ማሰሪያ፣ ነዳጁ ውስጥ የተኛ ውሃ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ፍቅር ነው፤ እንደውም ትንሽ እቀና ነበር።

ሜዳው ከቤታችን ብዙ አይርቅም። አንድ ቆርቆሮ መጋዘን፣ የነዳጅ በርሜሎች፣ እንጨት ላይ የተሰቀለ የነፋስ ከረጢት፣ ከዚያ በኋላ ሣር ነው። ጠዋት ፀሐይዋ እስክትሞቅ ዝም ይላል። ከሞቀች ግን ከኮረብታው ጀርባ ነፋስ ይነሳና እስኪመሽ ድረስ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ሲነጥቅ ይውላል። ስለዚህ አባቴ በጠዋት ነው የሚበረው። ፖስታና መድኃኒት መኪና በቀላሉ በማይገባበት አገር ያደርሳል፤ ወንበር ከተረፈ መንገደኛም ይጭናል።

መካኒኩን ሰው ሁሉ ብሎን ይለዋል። ቁመቱ አጭር፣ አንገቱ ወፍራም፣ አንድ ሐሳብ ከያዘ በመፍቻም የማይላቀቅ ሰው ነበር። ከአባቴ በዕድሜ ስለሚበልጥ እኛ ጋሽ ብሎን እንለዋለን። አባቴን «ካፒቴን»፣ እኔን «አለቃ» ብሎ ነው የሚጠራን።

«አለቃ፣ የዛሬን ሥራ እንዴት አየሽው?»

«ደህና ነው። ጠንክር» እለዋለሁ፤ እሱም ኮፍያውን አውልቆ እጅ ይነሳኛል።

ማታ ማታ ብሎን አውሮፕላኗን «ልጓም» ያጠልቅላታል። ልጓም የሚላቸው በውስጥ በኩል ወፍራም ጨርቅ የለበሱ ሁለት ሳንቃዎች ናቸው። በክንፏ ጠርዝ ያለችውን፣ በአየር ላይ ስታዘነብል የምታቃናትን የምትንቀሳቀስ ክፍል ከላይና ከታች ይዘው ያጣብቋታል፤ አለዚያ የሌሊቱ ነፋስ ሲያርገበግባት ያድርና ይሰብራታል። የሁለቱ ክንፎች ክፍሎች በሽቦ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ከታሰረ ሌላውም አይላወስም። ስለዚህ አንድ ልጓም ብቻ ነበራቸው፤ ሁልጊዜም በቀኝ ክንፏ። ደንባቸው ደግሞ «ያሰረ አይፈታም» የሚል ነው። ማታ ብሎን ያስራል፣ ጠዋት አባቴ ሲዞራት ይፈታል። እንዲህ ከሆነ በየቀኑ የሁለት ሰው ዓይን ያልፍባታል። «አንድ ዓይን ይሸነግላል» ይል ነበር ብሎን፤ በዚህ ደንብ ይኮራበት ነበር።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ልብስ ሰፊ ነበር። የመለኪያ ሜትሩን በእረፍት ቀን እንኳ ከአንገቱ ስለማያወርድ ሰፈሩ ሜትር ይለዋል። ሰው ሲተዋወቅ እጅ ከመጨበጡ በፊት ትከሻውን በዓይኑ ይለካል። ከሁሉም በላይ ግን የእኔ ሰው ነበር። ሱቁ ወለል ላይ ተቀምጬ የወደቀ ቁልፍ ስለቅም እውልለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ከእናቴ ቁጣ ያስጥለኛል።

በዚያ ሰሞን ሊያገባ ነበር። ሙሽራዋ ያለችው አባቴ ፖስታ በሚያደርስበት ከተማ ነው። የቀሚሷን ጨርቅ ራሱ መርጦ ራሱ ሰፋው፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ሳቲን። አንድ ቀን በሱቁ ደጃፍ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሪባን የታሰረላት የሙሽራ መኪና ጥሩምባ እየነፋች ስታልፍ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

«ያንተንም መኪና እንዲህ ያስጌጡልሃል?» አልኩት።

«የምን መኪና? እኔ ያለኝ መርፌ ነው» አለ። ከዚያ ፊቴ ሲከፋ አየና «አባትሽ ግን አውሮፕላን አለው። እሷን ሙሽራ እናደርግልሻለን!» አለኝ።

ልጅን በቀልድ ቃል መግባት አደገኛ ነገር ነው። ልጅ ቀልዱን ይረሳና ቃሉን ይይዛል።

ጉዞው ሲቃረብ ብሎን ሱቁ መጣ። እኔ ከስፌት መኪናው ሥር ነበርኩ።

«ሜትር፣ ቀይ ጨርቅ አታጣም። ዓይን ውስጥ የሚገባ ቀይ።»

«ለምንህ?»

«ለአውሮፕላኗ ነው። ሳንቃው አርጅቶ ቀለሙ ለቆ ከክንፏ አልለይ ብሏል። ባለፈው ካፒቴን አልፎት ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ለራሱ ነግሬዋለሁ፤ ይስቃል።»

አጎቴ ከሙሽራዋ ቀሚስ የተረፈውን ቁራጭ አነሳና እንደ ክንድ የረዘመ ሰንጥቆ ሰጠው። «ሙሽራ ልታደርጋት ነው በለኛ!»

«ሙሽራ ትሁን» አለ ብሎን ጨርቁን እየጠቀለለ። «ሙሽራን ሳያይ የሚያልፍ ሰው የለም።»

የሳንቃውና የቀለሙ ወሬ በጆሮዬ ጥግ አለፈ። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለአውሮፕላኗ፣ ቀይ ሳቲን፣ ሙሽራ። አጎቴ ከስፌት መኪናው በላይ ጎንበስ ብሎ ጠቀሰኝ። ምስጢር የያዝኩ መስሎኝ ለማንም ሳልናገር ሆዴ በደስታ ተነፍቶ ሰነበትኩ።

በጉዞው ቀን እናቴ ሥራ ነበረባት። የጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፤ ምጥ ደግሞ ሰርግ አይጠብቅም። ወንድሟን በር ላይ ሳመችውና «እኛ በመኪና እንደርስብሃለን፤ ያለ እኔ ቀለበት እንዳታስር» አለችው። እሱ ከአባቴና ከእኔ ጋር ወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ደረት ኪሱን ዳበሰና ቀጥ አለ። ቀለበቱን ረስቶታል! ሮጦ ተመለሰ። ሲመጣ ደግሞ ሱፉ እንዳይጨማደድ በሁለት እጁ አቅፎ እንደ ሕፃን ተሸክሞ፣ በዝግታ።

አባቴ ዓይኑ ከነፋስ ከረጢቱ ላይ አልተነሳም። ከረጢቱ እስካሁን ተኝቶ ነበር፤ አሁን ጫፉ ይነቃነቅ ጀምሯል።

«ካፒቴን፣ ዘግይታችኋል» አለ ብሎን። «ነፋሱ ተነስቷል። ለነገ አድርጉት።»

«ነገ ሰርግ ነው ጋሽ ብሎን።»

«ሰርጉ ይቆያል። የሚቸኩል አፍሶ ይለቅማል።»

«ተረቷን ለመልሱ ቀን አስቀምጥልኝ!» አለ አጎቴ እየሳቀ።

አባቴ አልሳቀም። ቦርሳውን መሬት አላስቀመጠም፤ በቀጥታ ወደ ውስጥ ወረወረው። የአጎቴን ሱፍ ተቀብሎ ከኋላ ሰቀለ። በሩ በግራ በኩል ነው፤ ከመጋዘኑ የመጣ ሰው የሚያየው የግራ ጎኗን ብቻ ነው። አጎቴ ገባ፣ አባቴም ተከትሎት ገባ።

ብሎን የነዳጅ በርሜሉን እያንከባለለ ዞር አለና «ዞርካት?» ብሎ ጮኸ።

«ዞሬያታለሁ» አለ አባቴ።

አልዞራትም። እኔ እዚያው ነበርኩ። እኔም እናቴ «ታጠብሽ?» ስትለኝ ደረቅ እጄን ከኋላዬ ደብቄ «ታጥቤያለሁ» እላታለሁ። ትልቅ ሰውም እንዲህ ያደርጋል ማለት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። አውሮፕላኗ ቅር እንደሚላት ግን ታወቀኝና ትንሽ አዘንኩላት፤ በዚያ ላይ በሙሽራነቷ ቀን።

ሞተሩ ተነሳ። ብሎን የጎማዎቹን ድጋፍ እንጨት ስቦ አወጣና ከአቧራው ሸሽቶ በርሜሉን ወደ መጋዘኑ አስገባ። ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። እኔ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። አውሮፕላኗ እየተንገጫገጨች እስከ ሜዳው ጫፍ ሄደችና ዞረች፤ ስትዞር የቀኝ ጎኗ ወደ እኔ መጣ። ክንፏ ጫፍ ላይ ቀይ ነገር ፀሐይ ሲያርፍበት አብረቀረቀ።

የሙሽራዋ ሳቲን! አጎቴ ቃሉን ጠበቀ!

በአጥሩ ሥር እየሮጥኩ ጣቴን ወደ ክንፏ ቀስሬ «ሙሽራ! ሙሽራ!» እያልኩ ጮህኩ፤ አጨበጨብኩ፤ ደግሜ ጠቆምኩ። በመስኮቱ አጎቴ አየኝና ሳቀ። ከእሱ ባሻገር አባቴ አንገቱን አስግጎ አየኝ። ከዚያም እጁን አንስቶ አወዛወዘልኝ። ሥራ ላይ ሆኖ እጁን ከመሪው አንስቶልኝ አያውቅም ነበር። ደስታዬን አልቻልኩትም።

መሪዋን አንድ ጊዜ ግራና ቀኝ ቢያዞረው እንቢ ትለው ነበር። ይህም ከዙሩ ቀጥሎ በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ዓይንን የሸወደውን እጅ እንዲይዘው ተብሎ የተቀመጠ። የዚያን ቀን እሱም ቀረ። ይህን በምርመራው መዝገብ ላይ ያነበብኩትና የገባኝ ትልቅ ሴት ሆኜ ነው።

ሣሩን ለቅቃ ተነሳች። ነፋሱ ከኮረብታው በኩል መጣና ከቀኝ ክንፏ ሥር ገባ። ክንፏ ወደ ላይ ተነሳ፤ ሰው ሲያኮርፍ ትከሻውን እንደሚሰብቀው። ትመልሰዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አልመለሰችውም። ዞረች፣ ጀርባዋን ሰጠችን፣ ከዛፎቹ ወዲያ ወረደች። ድምፁ ዘግይቶ ነው የመጣው።

ብሎን ከመጋዘኑ ወጥቶ ሮጠ። ኮፍያው ወደቀበት፣ አላነሳውም። እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። «ተቀየመች» ብዬ አሰብኩ። «ሰላም ስላላላት ነው።»

ቤታችን በሰው ተሞላ። ሁሉም ጥቁር ለብሶ ያለቅሳል፤ እኔን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። አባቴ ሆስፒታል ነው፣ እግሩና ጎኑ ተሰብሯል፣ ይድናል አሉኝ። ይህ ገባኝ። አጎቴን ስጠይቅ ግን አንዲት ጎረቤት ጉልበቷ ላይ አስቀምጣኝ «አጎትሽ ቀድሞ ሄዷል» አለችኝ። ወደ ሰርጉ መሰለኝ። እኛን ጥሎ በመሄዱ ተናደድኩበት። እናቴን ያስለቀሳት ይህ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያለ እኔ ቀለበት እንዳታስር ብላው አልነበር? ሲመጣ አላናግረውም ብዬ ስንት ቀን አኩርፌ ከረምኩ። ሙት ወንድሟን የምታለቅስ እናት ጎን ተቀምጬ በሙቱ አኩርፌ ነበር።

ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰዎች ከዋናው መሥሪያ ቤት መጡ። ቆርቆሮውን ሲለቅሙ፣ ሲለኩ፣ ፎቶ ሲያነሱ ሰነበቱ። ሳንቃው በተሰበረው ክንፍ ላይ እንደታሰረ ተገኝቷል። አባቴን ሆስፒታል ሄደው ጠየቁት። ከዚያ በኋላ ፖሊስ መጥቶ ብሎንን ወሰደው።

ሰፈሩ ያን ቀን ሁለት አፍ አልሆነም። ብሎን ገዳይ ነው፤ ልጓሙን «አንስቼዋለሁ፣ ሂድ» ብሎ ሰው አስፈጀ፤ ካፒቴን ሰው አምኖ ተበላ፤ አለቀ። ልጆች በሩ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። እኔ አልወረወርኩም፤ አለቃ ነበርኩና።

አንድ ቀን ከሰዓት የብሎን ሚስት በራችን ላይ ቆመች። አልገባችም፤ የበሩን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እናቴ ወጣች። እኔ ከቀሚሷ ኋላ ነበርኩ።

«እሱ ልጓሙን አይፈታም፤ መፍታት የሱ ሥራ አይደለም» አለች ሴትየዋ። «ያሰረ አይፈታም፣ ራሳቸው ያወጡት ደንብ ነው። አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ እንኳ አንድ ቃል በይ።»

«እኔ የማውቀው ወንድሜን ነው» አለች እናቴ። «ሂጂ በናትሽ።»

በሩን ዘጋችው። ሴትየዋ ግን ወዲያው አልሄደችም፤ ጥላዋ ከበሩ ሥር ለብዙ ጊዜ ይታይ ነበር።

«እማዬ፣ ጋሽ ብሎንን ለምንድን ነው ያሰሩት?»

«ሥራውን ስላልሠራ።»

«ምኑን?»

«አውሮፕላኗ ላይ የነበረውን ነገር ሳያነሳ አንስቻለሁ ብሎ አባትሽን አታለለው። በቃ፣ ግቢ።»

«እሱ እንደዛ አላለም» አልኳት። ጋሽ ብሎን ያላለውን አለ ሲባል መስማት አስቆጣኝ። «'ዞርካት?' ነው ያለው። አባዬ 'ዞሬያታለሁ' አለው። ግን አልዞራትም። ሰላም አላላትም፣ ቸኩሎ ዝም ብሎ ገባ። ለዛ እኮ ነው የተቀየመችው። ሙሽራ አድርገዋት እንኳ ተቀየመች!»

እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። «ማን ነው ሙሽራ ያደረጋት?»

«አጎቴ ጨርቁን ሰጠ፣ ጋሽ ብሎን አሰረላት። የሙሽራዋን ቀሚስ ጨርቅ። ስትነሳ ክንፏ ላይ ያብረቀርቅ ነበር። እኔ አይቼዋለሁ።»

እዚያው በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጭቃ ነበር። አዋላጅ ናት፣ የሰው ጩኸት ሰምታ የማትደነግጥ ሴት ናት። ያኔ ግን ጭቃውን በሁለት እጇ ጨበጠች። ያጠፋሁ መስሎኝ ቀሚሷን ይዤ «ይቅርታ እማዬ» አልኳት። ራሴን ደረቷ ውስጥ ደበቀችው።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ክፍሉ የመድኃኒትና የላብ ሽታ ነበረው፤ የአባቴ እግር በገመድ ተንጠልጥሏል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ሚጣዬ!» አለ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝ፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ለእኔ የነገርሽኝን ለአባትሽ ንገሪው።»

ማሳበቅ መሰለኝና አቀረቀርኩ። ደግማ አዘዘችኝ። ነገርኩት፤ ዞርካት ያለውን፣ ዞሬያታለሁ ያለውን፣ ሰላም ያልተባለችውን፣ ቀዩን ሳቲን። ስናገር ፊቱ እየጠፋ ሄደ።

«ሕልም አይተሽ ነው ሚጣዬ» አለኝ በለሆሳስ። «ልጅ ነሽ። ሕልም ነው።»

«ሕልም አይደለም! በጣቴ አሳየሁህ እኮ። አንተም አይተኸኝ እጅህን አወዛወዝክልኝ።»

ከአባቴ ደረት የወጣውን ድምፅ እስከዛሬ ከሰው ሰምቼው አላውቅም። እግሩን ያመመው መሰለኝና ነርስ እንድትጠራ እናቴን ጎተትኳት። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኑን ጨፈነ።

«ብታሰር ይችን ልጅ ማን ያሳድጋታል?» አለ በመጨረሻ። «እሱ ልጅ የለውም። ይችለዋል።»

«ሚስት አለችው» አለች እናቴ። «በሬ ላይ ቆማ አይቻታለሁ። ዘግቼባታለሁ።» ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። «ስማኝ። ወንድሜን ቀብሬያለሁ። ሁለተኛ ሰው ከነነፍሱ አልቀብርም። በራስህ አፍ ትናገራለህ፤ አለዚያ ይች ልጅ ትናገራለች።»

«ቸኩዬ ነው» አለ አባቴ፤ አሁን ያለቅስ ነበር። «ነፋሱን ልቅደም ብዬ ነው። ለወንድምሽ ብዬ ነው እናቷ። አፍሼ…»

«አፍሶ መልቀም ለእህል ነው» አለችው። እጄን ይዛ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ቀብሬያለሁ ያለችው ቃል ዘግይቶ ደረሰኝ።

«አጎቴ ሰርጉ ጋ አይደለም?»

«አይደለም» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ እጄን ግን እስኪያመኝ ጨበጠችው።

አባቴ መነጽር ያደረጉትን ሰዎች አስጠርቶ ተናገረ። ብሎን ተፈታ፤ አባቴ ከሆስፒታል ሲወጣ ታሰረ። እኔን ሩቅ አገር ሥራ ሄዷል አሉኝ። እናቴ እየወሰደችኝ እጠይቀው ነበር፤ ረጅም አጥር ያለው፣ በሩ ላይ ዘበኛ የቆመበት ትልቅ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ወንዶች፣ ሁሉም ዝምተኞች። በጓደኞቼ ፊት የአባቴ መሥሪያ ቤት በጣም ጥብቅ ነው፣ ምሳ እንኳ ወጥቶ አይበላም ብዬ እኮራ ነበር። አላረሙኝም። ወላጆቻቸው ምን ብለው እንደነገሯቸው አሁን ይገባኛል።

ብሎን ወደ ሜዳው አልተመለሰም። ብስክሌት ይጠግን ጀመር። ይቅርታ ልትጠይቀው እናቴ ሄዳ ነበር፤ ወንበር አውጥቶ አስቀመጣት፤ ስለ ዝናብ አውርተው ተለያዩ አሉ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አለቃ» ይለኝ ነበር፤ ሥራ እንዴት ነው ብሎ ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

አባቴ ሲፈታ አንድ እግሩ አጥሮ፣ ፀጉሩ ነጥቶ መጣ። እናቴ ተቀበለችው። አብረው ኖሩ፣ ትመግበዋለች፣ ሲያመው ታስታምመዋለች። ይቅር አለችው ወይ ብትሉኝ አላውቅም፤ የወንድሟን ስም በእሱ ፊት አንስታ አታውቅም፤ እሱም አንስቶ አያውቅም። መብረር ቀርቶ በራሱ ፈቃድ ሰማይ ቀና ብሎ ሲያይ አላየሁትም።

ለእኔ ግን እንደ እሱ ያለ አባት አልነበረም። የጓደኞቼ አባቶች ልጅ ሲያወራ ጋዜጣቸውን አያወርዱም። የእኔ አባት እኔ ጣቴን ወደ አንድ ነገር ከቀሰርኩ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። ድመት ይሁን፣ ጨረቃ ትሁን፣ ግድግዳ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ትሁን፣ እያነከሰ መጥቶ ከጎኔ ይንበረከክና ጣቴን ተከትሎ ያያል። «ምንድን ነው? ምን አየሽ?» ይላል። እስካሳየው ድረስ አይነሳም። ምግብ እየበላ ይነሳል፤ ገላውን እየታጠበ በሳሙና ይወጣል። ከልጅነቴ ሁሉ የምወደው ይህን ነበር። እንዲህ የተወደደ ልጅ የለም እል ነበር።

ባለፈው ዓመት ዓይኑን ላስመረምረው ልወስደው ቤታቸው ሄድኩ። ሸምግሏል፤ ከዘራ ይዟል። መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁሜ ስጠብቀው አንዲት ወፍ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ጎጆ ስትሠራ አየሁና ሳላስበው ጣቴን ቀሰርኩ። ከደረጃው ላይ ተጣድፎ ወረደ፤ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። አጠገቤ ቆሞ ጣቴን ተከተለ።

«ምንድን ነው? ምን አየሽ?»

«ወፍ ናት አባዬ» አልኩት እየሳቅኩ። «አንተ ደግሞ ጣት ካየህ አጥንትህን ትሰብራለህ!»

አልሳቀም። ወፏን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ያን ቀን ስትጠቁሚ አይቼሻለሁ» አለ።

ምን ቀን ብዬ አልጠየቅኩም።

«አጎትሽን 'ምን እያሳየችን ነው?' አልኩት። ልቆም ነበር። እግሬን ፍሬኑ ላይ አድርጌው ነበር። 'እየተሰናበተችህ ነው እንጂ፤ እጅህን አወዛውዝላት' አለኝ። ነፋሱ እየመጣ ነበር። አወዛወዝኩልሽ።»

ከዘራውን መሬት ላይ አስተካክሎ ተከለ። ከዚያ እንደ ልማዱ መኪናዬን ሊዞራት ሄደ። ከፊቷ ጀመረ፤ መዳፉን በገላዋ ላይ እያስኬደ፣ ጎማዋን በእግሩ ገፋ እያደረገ፣ ቀስ እያለ። ሁልጊዜ ቶሎ በል እለው ነበር። ጣቴን ከወፏ አወረድኩና እስኪጨርስ ቆሜ ጠበቅኩት።